ከስብሰባ የቀረው ሟች

«ኢንታላ ኮ፣ መሞት የአላህ ሥራ ነው፤ ባንዴ ያልቃል። የማያልቀው የሰው ሥራ ነው።»

ይህን ያሉኝ ጋሽ ሙመዴ ናቸው፤ ዘመኑ ራቀ። «ኢንታላ ኮ» ሲሉ «ልጄ» ማለታቸው ነው። በአሰበ ተፈሪ ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከግራሩ ሥር፣ ጫታቸውን ባንድ ጉንጫቸው ወትፈው የሰው ማመልከቻ ሲጽፉ የሚውሉ ሽማግሌ ነበሩ።

እናንተ ሆዬ፣ ሰው ከተቀበረ ወዲያ ጉዳዩ ያለቀ የሚመስለን ሳይሞትብን በፊት ነው። ንፍሮው ተበልቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ ወንበር ተቆጥሮ ሲመለስ «በቃ ተሸኘ» እንላለን። ለካ በሳጥን የተሸኘ ሰው በፋይልም መሸኘት አለበት።

ባሌ ተፈራ ከመቻራ ቡና የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ቦርደዴ ያደረ ጊዜ የያዘችው ወባ በሳምንቱ ወሰደችው። የተወልኝ የሁለት ዓመት ልጅና በስሙ የተመዘገበች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የወራሽነት ወረቀት ቶሎ ካላወጣሁ ቤቷ ባለቤት የሌላት ተብላ ለሌላ እንደምትሰጥ ጎረቤት ሹክ አለኝ። እኔ ደግሞ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ የተዳርኩ፣ እንኳን ዳኛ ባለሱቅ ሲያናግረኝ የሚያልበኝ ሰው ነኝ።

ፍርድ ቤቱ ሦስት ምስክሮችና ባሌ መሞቱን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ አምጪ አለኝ። ምስክርስ ሞልቶ። ቀበሌ ስሄድ ግን ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ፣ ጣቱን በስሞቹ ላይ እያወረደ፣ ጓድ ተፈራ እንዳልሞተ አስረዳኝ። ቀርቷል እንጂ። በአምስት እሑዶች ስብሰባ በስሙ አንጻር «ያለ ፈቃድ ቀሪ» ተጽፏል። ያለ ፈቃድ የቀረ ሰው ደግሞ ጉዳዩ እስኪጣራ ደብዳቤ አይጻፍለትም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ዘንድ ገባሁ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ለቅሶ ቤትም ከእኔ የባሰ አልቅሷል።

«እህቴ፣ እንደ ጎረቤት መሞቱን አውቃለሁ፤ ትከሻዬን እስካሁን ያመኛል። እንደ ሊቀ መንበር ግን ማንም አላመለከተኝም» አለኝ።

«ማን ነው የሚያመለክተው?» ብለው፣ «ራሱ ቀሪው» አለኝ።

እንባዬን እየጠረግሁ ግራሩ ሥር ሄድኩ። ጋሽ ሙመዴ ሰምተው ሲያበቁ ጫታቸውን ከጉንጭ ወደ ጉንጭ አዛውረው ወረቀት አወጡ። «እኔ ጓድ ተፈራ በመሞቴ ምክንያት ባለፉት አምስት ስብሰባዎች ስላልተገኘሁ፣ ወደፊትም ስለማይመቸኝ፣ ፈቃድ እንዲሰጠኝ በባለቤቴ በኩል በትሕትና አመለክታለሁ።»

«ያስሩኛል፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ያመለከተው እሱ አይደል? ወላሂ፣ እሱን ይሰሩት።»

እሑድ ለት ማመልከቻው ለስብሰባው ተነበበ። አንድም ሰው አልሳቀም፤ በዚያን ጊዜ ሳቅም አጀንዳ ሳይያዝለት አይወጣም ነበር። አንዱ ተነሥቶ ፈቃዱ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀ። ክርክር ሆነ። በመጨረሻ «ላልተወሰነ ጊዜ» ተብሎ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔም እጄን አወጣሁ። በማግስቱ ጓድ ተፈራ «በሞት ምክንያት ላልተወሰነ ጊዜ ፈቃድ የተሰጣቸው መሆኑን» የሚገልጽ ደብዳቤ ተሰጠኝ።

ዳኛው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። እሳት እንደ ወለደች ላም ሆኑ፤ እንዳይቀበሉት ፌዝ ነው፣ እንዳይመልሱት ማኅተም አለበት። ምስክሮቼን ሰምተው ፈረሙ። ሚስት ለካ ወራሽ አይደለችም፤ የቤቷ እኩሌታ የትዳር ድርሻዬ ሆነ፣ የአባቷን ድርሻ የወረሰችው ልጄ ናት፤ እኔ ሞግዚቷ። ወራሿ ውሳኔውን ተቀብላ በአፏ ልትከተው ስትል ቀማኋት።

በቀጣዩ እሑድ ስም ሲጠራ ጸሐፊው «ጓድ ተፈራ!» አለ። ፈቃድ ላይ ያለ አባል ከመዝገብ አይሰረዝማ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ።

ተማሪ ሳለሁ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ እንኳ «አቤት» ማለት አፍር የነበርኩት እኔ፣ ልጄን እንዳዘልኩ ብድግ አልኩ።

«ፈቃድ ላይ ነው» አልኩና ተቀመጥኩ።