ክቡር የዝንብ ፎቶ አንሺ

ካሜራ ያለው ዘመድ የሌለው ቤተሰብ የለም፤ ካሜራውን ወደ ሰው የሚያዞር ዘመድ ያለው ግን ዕድለኛ ቤተሰብ ነው። እኛ ዕድለኞች አይደለንም። የእህቴ ባል፣ ክቡር ጋሼ መነጽር ሻጩ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ለሰው ዐይን ሌንስ ሲለካ ይውላል፤ እቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሌንስ ያነሳና ዝንብ፣ በረሮና ጉንዳን ፍለጋ በአራት እግሩ ይድሃል።

አንድ እሑድ ዘመድ አዝማድ ተሰበሰብን። ልጆቹ ተበጥረው፣ አጫጭሮቹ ከፊት ረጃጅሞቹ ከኋላ ተሰልፈን፣ ፈገግታችን ፊታችን ላይ እስኪደርቅ ቆምን። ጋሼ ካሜራውን ይዞ ተንበረከከ፤ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ። “ትንፋሽ ያዙ!” አለ። ያዝን። ፎቶው ሲታይ ዝንብ እጆቿን ስታፋትግ ነው። ከኋላዋ ብዥ ብሎ የሚታየው ነገር እኛ ነን።

“ትንፋሽ ያዙ” የሃይማኖቱ የመጀመሪያ ትእዛዝ ነው። ያን ያህል ተጠግተህ ስታነሳ፣ የሰው እስትንፋስ ለጉንዳን አውሎ ነፋስ ነው ይላል። ስለዚህ እህቴ ቤት የሚገባ ሰው ሰላምታ ከማቅረቡ በፊት ትንፋሹን ይይዛል። ጎረቤቷ መሰላል ልትዋስ መጥታ፣ ደጃፉ ላይ ዐይኗ እስኪፈጥ ድረስ ቆማ፣ መሰላሉን ረስታ ተመልሳለች።

በረሮን የመሰለ ቀለብላባ ግን በትንፋሽ ብቻ አይያዝም። ለእሱ መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ነው። እህቴ ቅቤ ልታወጣ ብትከፍት፣ ከወተቱ አጠገብ ብርጭቆ ውስጥ በረሮ ተቀምጧል። ጩኸቷን ሰፈሩ ሰማው።

“ቀዝቀዝ ሲል ይረጋጋል እኮ” አላት ጋሼ።

“እኔስ የምረጋጋው መቼ ነው?”

እኔም አላመለጥኩም። አንድ ቀን የዝንብ ፊት አስፍቶ አሳየኝና “ይህን ፊት አይተህ እጅህን ታነሳባታለህ?” አለኝ። ወይ ጣጣዬ! ዝንቧ ቁርጥ የድሮ ርዕሰ መምህሬን። ከዚያ ወዲህ ምሳዬ ላይ ስታርፍ ልመታት እጄን አነሳና መልሼ አወርዳለሁ።

ይህን ሰው ሳታማርር የቻለችው፣ ከእነሱ ጋር ትኖር የነበረችው እናታችን ብቻ ናት። የሚገርመው እሷ ካሜራ አትወድም ነበር። “የኔን ፊት ለማን ልታሳዩት ነው?” ትልና ዞር ትላለች። ያሉን ፎቶዎቿ ሁሉ የጀርባዋ ናቸው። ለጋሼ ግን ጣቷን ስኳር ውሃ ነክራ፣ ጉንዳን እስክትወጣባት መስኮቱ ሥር ትቀመጥለታለች። ዕድሜዋን በልብስ ስፌት ያሳለፈች ስለሆነች ዝም ብሎ መቀመጥ ታውቅበታለች። “ከልጆቼ ጉንዳን ትሻለኛለች፤ ስጠራት ትመጣለች” እያለች እኛን ትሸነቁጠናለች።

አምና እናታችን አረፈች። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሚስማር መታንና የምንሰቅለው አጣን። መታወቂያዋ ላይ ያለችው ሴት በስርቆት የተያዘች ነው የምትመስለው፤ የቀረው ሁሉ ጀርባ ነው። የልጅ ልጆቿ በምን ያስታውሷት? እህቴ ባዶውን ሚስማር ስታይ ቆይታ ገነፈለች።

“የዝንብ ፀጉር ስትቆጥር እናቴን አንድ ቀን እንኳ አላነሳህልኝም!”

ጋሼ አንገቱን ደፋ። “ፊቴን እንዳታነሳ ብለው አስምለውኝ ነበር” አለ። እህቴ ፊቷን አዞረችበት።

በሳምንቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፊ ነገር ይዞ መጣ። ስንፈታው ጉንዳን ናት። እህቴ “አሁንስ አበዛኸው!” ልትል አፏን ከፍታ ቀረች። ጉንዳኗ የቆመችው ጣት ላይ ነው፤ ጣቱ ትሪ ያህላል። መርፌ የጠቀጠቀው ቆዳ፣ በቁመቱ የተሰነጠቀው ጥፍር፣ ጠርዝ ላይ ደግሞ እንዳይወልቅ ክር የተጠመጠመበት ቀለበት። መጀመሪያ ያወቅነው ክሩን ነው፤ የአባታችን ኮት የተሰፋበት ቡናማ ክር። እህቴ የራሷን እጅ ከጎኑ አስጠግታ አለቀሰች።

“እናቴ እንዴት ነው እንዲህ ፀጥ ያለችልህ?” አለችው እንባዋን ጠርጋ።

“‘እማማ፣ ትንፋሽ ይያዙ’ ስላቸው፣ ‘ትንፋሽህን አንተ ያዝ፤ የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ’ ይሉኝ ነበር።”

ሚስማሩ ላይ የተሰቀለችው እሷ ናት። እንግዳ ሲመጣ “ይሄ ምንድን ነው?” ይላል። “እናታችን ናት” እንላለን። “ጉንዳኗ?” ይልና ራቅ ያለ ወንበር ይፈልጋል። ጋሼም አልተለወጠም፤ አሁንም የቤተሰብ ፎቶ አንሳን ሲባል ዐይኑ ጥግ ጥጉን ሸረሪት ይፈልጋል። እንዲለወጥም አልፈልግም፤ እወደዋለሁ።

ሳሎኑ ውስጥ ብቻዬን ስቀር ወደ ፎቶው እጠጋለሁ፤ አፍንጫዬ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ። ጉንዳኗ እንዳትሸሽ፣ ትንፋሼን ይዤ።