የአበራሽ ላም ግትና የእኔ ዓይን

የሰው ልጅ እጁን ከመታጠብ ጎረቤቱን መክሰስ ይቀለዋል። ሳሙና ፈልጎ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ጎንበስ ብሎ ከመፈተግ «እሷ ናት!» ብሎ ጣት መቀሰር ምን ድካም አለው? እኛ ልደታዎች ደግሞ ፍርድ ቤቱ አፍንጫችን ሥር ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ መካሰስ ሱስ ሆኖብናል። ልዩነቱ፣ እዚያ ግቢ ውስጥ የተከሰሰ ሰው ቢያንስ ጠበቃ ያቆማል። እኔ በላም ግት ስከሰስ ማን ቆመልኝ?

አዎ፣ በላም ግት። በትክክል አንብባችኋል።

ጎረቤቴ ወይዘሮ አበራሽ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ሳይፈርስ በቀረው ሰፈራችን ውስጥ የፈረንጅ ላም ታልባለች። ጥቁርና ነጭ፣ ግቷ መሬት ለመንካት ትንሽ የቀረው። አበራሽ ይህችን ላም ከገዛች ወዲህ አረማመዷ ሁሉ ተለወጠ። ስትንጎማለል ላየ ሰው ግቱን ያበቀለችው ራሷ ትመስላለች።

አንድ ማለዳ ወተቴን ልወስድ ሄጄ ብጣራ የሚሰማኝ ጠፋ። በረቱ ድረስ ገባሁ። አበራሽ እያለበች ነው። «ውይ! ግቷ ምን ያህላል!» አልኩ። በቃ። ይኸው ነው ወንጀሌ። «እንትፍ እንትፍ» ማለት ነበረብኝ አሉ፤ ምራቄን ባለማባከኔ ተከሰስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ የላሟ ግት በአንድ ወገን አበጠ፣ ጋለ፣ ወተቱም እየተቆራረጠና ደም እየቀላቀለ ይወጣ ጀመር። እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ? በልደታ ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣

«ምነው አበራሽ፣ ወተት ቀረብን?» አልኳት።

«አንቺ ዓይንሽን ይዘሽ ከመጣሽ ወዲህ ምን ወተት አለ!»

«ዓይኔን ቤት ትቼው መምጣት ነበረብኝ?»

«ሳቂ! ላሜ እያቃሰተች አንቺ ሳቂ!»

ከዚያ ወዲያ ሕክምናው ተጀመረ... ሕክምና ካላችሁት። መጀመሪያ በላሟ አንገት ላይ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ታሰረ። ጤና አዳሙን ላሟ በላችው። ሽንኩርቱ ግን እዚያው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ወተቱ ሳይቀር ወጥ ወጥ ይሸት ነበር ይላሉ የጠጡት። ቀጥሎ መርፌ ተገዛ። አንዴ ስትወጋ እብጠቱ ጎደል አለ፤ አበራሽ ደስ ብሏት የተረፈውን መድኃኒት «ለሌላ ጊዜ» ብላ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ደረደረችው። በሽታው ተመለሰ። እንደገና አንድ መርፌ፣ እንደገና ቡፌ። በሽታው በተመለሰ ቁጥር «የሺ ትናንት በዚህ አልፋለች» ይባላል፤ የሺ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄጄ ሰፈሩ ውስጥ አልነበርኩም። «ከሩቅም ይሠራል» ተባለ!

በመጨረሻ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የሟች ባሏን ፒጃማ ቀድዳ ለላሟ የጡት መያዣ ሰፋች! እኔ እንዳላየው። ነፍሱን ይማረውና፣ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ይህን ያህል የሚጠቅም ልብስ አልነበረውም። ላሟ ስትተኛ ፒጃማው እበትና ሽንት ይጠጣል፤ ስትነሳ ያንኑ ግቷ ላይ ለጥፋ ትውላለች። ማጠብ? ማን ያጥበዋል! አውልቀው ሲያጥቡት እኔ ባልፍስ?

ይህን ሁሉ በሳቅ አልፈው ነበር። ነገር ግን የክርስትና ልጄ ሰናይት ወለደች። እኔ ያነሳኋት ልጅ! «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልላት ገብቼ ገና ከመቀመጤ፣ ሕፃኑን በነጠላ ግጥም አድርጋ ሸፈነችው። እግሩን እንኳ አላሳየችኝም። ጠይም ይሁን ቀይ፣ ጸጉራም ይሁን በራ፣ አላውቅም። ስወጣ ደግሞ በሩ ላይ አንገቷን ደፍታ፣

«እትዬ፣ ለክርስትናው ደግሞ... ባይደክሙስ?» አለችኝ።

ገባችሁ? በትሕትና ተባረርኩ። ያን ዕለት እየተቃጠልኩ ቤቴ ገባሁና እንዲህ አልኩ፦ ስሜን ያቆሸሸችው ላም ናት፤ ስሜን የሚያጸዳው የላም ሐኪም ነው።

አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ፈልጌ፣ ሰናይትንና የሰፈሩን ሴቶች ምስክር አድርጌ፣ አበራሽ በር ላይ አቆምኩት። በምስክር ፊት «አላስገባም» ማለት ከበዳት። ሐኪሙ ቦቲውን አጥልቆ ገባ፤ አፍንጫውን ይዞ ፒጃማውን ወደ ጎን ገለጠው። ከዚያ ወተቱን ሳህን ላይ ጠብ አድርጎ አንድ ፈሳሽ ቀላቀለበት። ወተቱ እንደ አጥሚት ወፈረ።

«የግት በሽታ ነው፤ ቆይቷል ይሄ» አለ። «እማማ፣ ከማለብዎ በፊት እጅዎን ይታጠባሉ?»

«እንዴ! ጠዋት ፊቴን ስታጠብ አብሮ ይታጠብ የለ!»

«ግቱንስ በምን ይጠርጉታል?»

አበራሽ በኩራት አንድ ጨርቅ ከግድግዳው ላይ አወረደች። በርጩማው የሚወለወልበት፣ ባልዲው የሚታሽበት፣ ዝንቡ የሚባረርበት ጨርቅ ነው። ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ይዞ መልሶ ሰቀለው።

«መርፌውንስ እስከ መጨረሻው ሰጧት?»

«ተሽሏት እያየሁ ለምን አባክናለሁ?»

«እሱ እኮ ነው የሚመላልሰው፤ እብጠቱ ቢጎድልም ጀርሙ እዚያው ውስጥ ነው።»

እኔ ይህን ስሰማ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። አንዳንዶቹ ፊታቸውን አዞሩ። (ልማድ ሆኖባቸው ይሁን አፍረው፣ እግዜር ይወቅ።) ይኼኔ ከቆርቆሮው ወዲያ «እምቧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ሌላ ላም አለ እንዴ?» አለ ሐኪሙ።

አበራሽ ተርበተበተች። ለካ እኔ እንዳላያት በድብቅ አስገብታ፣ በቆርቆሮ አጥራ የምታልባት ሁለተኛ ላም ነበረች! ቆርቆሮው ሲነሳ የዚያችኛዋ ግት ከመጀመሪያዋ ብሶ፣ እንደ ተነፋ ኳስ ተወጥሮ ተገኘ። «በሽተኛዋን አልበው በዚያው እጅ፣ በዚያው ጨርቅ ወደዚህች ይመጣሉ፤ ያጋባባት ይሄ ነው» አለ ሐኪሙ።

ያቺን ደቂቃ በምን ልንገራችሁ! ደረቴን ነፍቼ መሀል ቆምኩ።

«እህስ አበራሽ! ይህችንስ መቼ አየኋት? ንገሪኛ!»

ይቅርታዋን ለመቀበል ራሴን አዘጋጀሁ። አበራሽ ላሟን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያም በሁለት እጇ አፏን ይዛ፣

«ቆርቆሮም አያግደውም ማለት ነው!» አለች።

ሴቶቹ አማተቡ። ሰናይት ከሁሉም ቀድማ።

እዚያ ቦታ አንድ ነገር ገባኝ። ይህችን ሴት ሐኪም አያሳምናትም፣ ሳህን ላይ የወፈረ ወተትም አያሳምናትም። እንግዲያው በምታምነው መምጣት ነው።

«ስሚ አበራሽ» አልኳት። «ከነገ ጀምሮ በየማለዳው እመጣለሁ። እጅሽን በሳሙና ካልታጠብሽ፣ ለእያንዳንዷ ላም ንጹሕ ጨርቅ ካልለየሽ፣ መርፌውንም ሐኪሙ እስካለው ቀን ካላስጨረስሽ... አያቸዋለሁ።»

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«አያቸዋለኋ። አፍጥጬ!»

አመድ መሰለች።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብታዩ! በሩ ላይ ጉሮሮዬን ስጠርግ ውስጥ ሳሙናና ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል። ፒጃማው ወልቆ ተቃጠለ። ቡፌው ከመድኃኒት ጸዳ። የመጀመሪያዋ ላም አንድ ጡቷ እንደ ደረቀ ቢቀርም፣ ሁለቱም ዳኑ፤ ወተቱ ነጭ ሆነ። ታዲያ ማን ተመሰገነ? ሐኪሙ? ሳሙናው? «የሺ ዓይኗን አነሳችላት» ተባለ! ሰናይትም ሕፃኑን ገልጣ ራሷ ቤቴ ድረስ ይዛልኝ መጣች።

«እትዬ፣ እንትፍ ይበሉልኝ። ለክርስትናውም እንዳይቀሩብኝ።»

ልጁን አየሁት። ቁርጥ የባሏን እናት። ምንም አስተያየት አልሰጠሁም፤ እንትፍ ብቻ።

ትናንት ደግሞ አበራሽ መጣች። ተቀምጣ፣ ስለ ፀሐዩ አውርታ፣ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ተክለ ሃይማኖት ጋ አንዲት ሴትዮ ላሞች አስገብታ ደንበኞቼን እየወሰደችብኝ ነው።»

«እና?»

«በዚያ በኩል ስታልፊ... በረቷ መንገድ ዳር ነው። አንዴ ቀና ብለሽ ላሞቿን ብታዪልኝ።»

«አበራሽ! ምን እያልሽ ነው?»

«አውቀሽ ነው እንጂ! እንደ በፊቱ።»

አንባቢዎቼ፣ ስሜን አጥፍታለች፣ ቻልኩ። የክርስትና ልጄን አሸፍታብኛለች፣ ቻልኩ። ይህን ግን አልቻልኩም፤ ሁለት የሚታለቡ ላሞች ያሏት ሴት እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ልታዘኝ ስትመጣ፣ ባዶ እጇን ትምጣ?