ዶሮ አርዶ ገማች የሚጋብዝ ሰው

የቤት ግብር ገማች ቤታችሁ ገብቶ ያውቃል? ካልገባ እግዜር ይጠብቃችሁ። ሲገባ እንደ አዲስ አማች አንገቱን ይደፋል፤ ሲወጣ ግን ጣራና ግድግዳችሁን ዋጋ ቆርጦላችሁ ይወጣል።

አክስቴ እትዬ በላይነሽ አራዳ ውስጥ ከባሏ የወረሰችው ትንሽ የጭቃ ቤት አላት። ገማቹ ሊመጣ ነው ቢሏት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ከጎረቤት ምንጣፍ ተዋሰች፣ ግድግዳውን አቡጀዲ አለበሰች፣ ዶሮ አረደች!

«እትዬ፣ ሰውየው እኮ ግብር ሊጥልብሽ ነው የሚመጣው» ብላት፣

«ዝም በይ! ተማሪ ቤት ያስተማሩሽ እንግዳ ማዋረድ ነው?» አለችኝ።

ገማቹ በላ፣ ጠጣ፣ እጁን ታጠበና ዙሪያውን ቃኘ። «እመቤቴ፣ ይህ የባለጸጋ ቤት ነው። ጎረቤትዎ ነጋዴው ፎቅ ከሠራ ወዲህማ ቦታዎ ወርቅ ሆኗል።»

«እግዜር ያክብርልኝ!» አለች፣ ሙገሳ መስሏት።

ግብሯ እጥፍ ሆነ። ፎቁን የሠራ ሌላ፣ የሚከፍል ሌላ! ጣራችን እንደሆነ ዛሬም ያፈሳል። ወርቅ የተባለውን ቦታ ደግሞ ካልሸጡት አይበሉት፤ እሷ ልትሞትበት እንጂ ልትሸጠው አትፈልግም።

እየጎተትሁ ግብር ቢሮ አቤት እንድትል ወሰድኋት። የቢሮው አለቃ አገር ምድሩ በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ «ድሃ ነኝ ነው የሚሉት?» ብሎ ጮኾ ጠየቃት።

እትዬ ነጠላዋን አስተካከለች። «ድሃስ ጠላቴ ይሁን!»

«እንግዲያው ይክፈሉ» አለና ሌላ ሰው ጠራ።

በእሷ አልተናደድሁም። መልሷን እያወቀ በሰው ፊት በጠየቃት ሰውዬ ነው እስካሁን ደሜ የሚፈላው።