የደነዘዘ ጣት ይቅርታ

ብርድ ለሁሉም እኩል ነው የሚል ሰው የእኔን እጅ ጨብጦ አያውቅም። የሰቆጣ የታኅሣሥ ውርጭ ሌላውን ሰው ያንቀጠቅጠዋል፤ የእኔን ጣቶች ግን ጧፍ አስመስሎ ይገድላቸዋል። ደሜ ወደ ሩቁ ወረዳ ወደ ሰሃላ እንደሚሄድ መኪና ነው፤ አንጓዬ ጋ ሲደርስ መንገዱ አልቋል ብሎ ይመለሳል። ጓንት፣ ጋቢ፣ ብብት፣ ምን ያልሞከርኩት አለ? ሐኪሙ "የደም ዝውውር ችግር ነው" አለኝ፤ ስሙን ስለነገረኝ ብቻ የዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

እነዚህ ጣቶች ናቸው እንግዲህ አምና ጻድቅ ሊያሰኙኝ የነበሩት። ከእህቴ ባል ከሞላ ጋር በፍየል ተጣላን። የሱ ፍየል ባቄላዬን ጋጠች፤ እኔ ፍየሏን ሰደብኩ፤ እሱ ለፍየሏ ተቆጣ። ሞኝነቱ የሁለታችን ነው፤ እህቴ ታደሉ ግን ሦስት ወር ሙሉ ደጄን አልረገጠችም። ያለችኝ አንድ እህት ናት፤ ናፈቀችኝ።

ሽማግሌ ገባና የገና ጾም እንደተፈታ፣ እሑድ ማለዳ ሞላ ቤት ልንታረቅ ተቀመጥን። ፍየሏም ወጥ ሆና ቀረበች፤ በዚህ እርቅ የከሰረችው እሷ ብቻ ናት። እርቁ የሚጸናው ስንጎራረስ ነውና፣ በዚያ በረዶ ውኃ ታጥቤ፣ በደነዘዘ እጄ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ሞላ ሲበላ ችኩል ነው፤ ጉርሻውን ከነጣቴ ነከሰው። እኔ ምን ተሰምቶኝ፤ ፈገግ እንዳልኩ ነኝ።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ አያ ምስጋናው፣ የጥርሱን ምልክት አዩ። ጥርስ ገብቶበት ትንፍሽ ያላለ እንዲህ ያለ ታጋሽ በዘመኔ አላየሁም፣ ያበርታህ፣ እድሜ ይስጥህ ብለው መረቁኝ። ሞላ አፈረ። ጣቴ ደንዝዞ ነው ብዬ እውነቱን ልናገር? እርቁ እንዳይፈርስ ሰጋሁ፤ ደግሞም ውዳሴው ጣፍጦኛል። አንገቴን ሰበር አድርጌ "ለእህቴ ስል ነው" አልኩ።

ታጋሽ ተብዬ እሳቱ ዳር መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ሲሞቁ በመርፌ ይወጉኝ ጀመር። ይሄኔ አያ ምስጋናው "አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገመው እንጂ" አሉኝ። ብደግመው ጣቴ፣ ብተወው እህቴ። ደገምኩት። ሞላ በዚህኛው በከንፈሩ ጫፍ ብቻ፣ እንደ ቆራቢ ተጠንቅቆ ተቀበለኝ። እኔ ግን "በላኝ!" ብዬ ከመደቡ ዘልዬ ወረድኩ።

የሦስት ወሩ ጠብ ተመልሶ መጣ አልኩ በልቤ። ታደሉ ግን ሳቀች። "የሱ ጣት እኮ ብርድ ሲነካው ይሞታል፤ የቅድሙን መች ሰማውና" ብላ እጄን በነጠላዋ ጠቀለለችው። ሞላም ሳቁ አላስቀምጠው አለ።

አያ ምስጋናው ብቻ አልሳቁም። ትዕግሥቱ የውርጩ ከሆነ ምርቃቴም ለውርጩ ይሁንለት አሉ። የሽማግሌ ምርቃት ይደርሳል፤ ዘንድሮ ውርጩ በርትቷል።