በኮረንቲ ወይስ በቤንዚን? የባዬ ታከለ የቅንጭብ አጥር ጉዳይ

ቀን፦ እሑድ መስከረም 5 ቀን 2006 ዓ.ም.
ቦታ፦ ፍኖተ ሰላም፣ በባዬ ታከለ ቤት፣ ሳሎን
የተጠራው ከጠዋቱ 3፡00 ሲሆን የተጀመረው 4፡25 ነው። የዘገየው ሰብሳቢው ከባሕር ዳር ሲመጣ ቡሬ ላይ ጥብስ አዝዞ ስለነበር ነው። ጥብሱም ዘግይቷል ተብሏል።

የተገኙ

1ኛ. ያረጋል ባዬ፣ የበኩር ልጅ፣ ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ የኮረንቲ ጥገና ሠራተኛ፣ ሰብሳቢ። ማን እንደመረጠው አልታወቀም።
2ኛ. ምስክር ባዬ፣ ሁለተኛ ልጅ፣ መራዊ ላይ ሞተርና ባጃጅ ጠጋኝ፣ አባል።
3ኛ. ያምሮት ባዬ፣ የመጨረሻ ልጅ፣ ቡሬ መምህርት፣ አባል።
4ኛ. ባዬ ታከለ፣ አባት፣ የቤቱም የአጥሩም ባለቤት፣ ጸሐፊ።
5ኛ. ወ/ሮ ዓባይነሽ፣ ጎረቤት፣ ድምፅ የማይሰጡ ታዛቢ። ድምፅ ባይሰጡም ከሁሉም በላይ የተሰማው የእሳቸው ድምፅ ነው።

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ የባዬ ባለቤት። ከአራት ዓመት በፊት ስላረፉ ምክንያታቸው ተቀባይነት አግኝቷል።

ድምፅ ያላቸው አራቱም አባላት ስለተቀመጡ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

ከመጀመሩ በፊት ምስክር፣ «አባዬ፣ እርስዎ ይረፉ፤ ያምሮት መምህርት ናት፣ እሷ ትጻፍ» የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ጸሐፊው የመሠረተ ትምህርት ወረቀት እንዳለው፣ የገበሬ ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ስድስት ዓመት እንደያዘ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን በእሱ ጽሑፍ ላይ ይግባኝ ብሎ የረታ ሰው እንደሌለ አስረድቶ እስክሪብቶውን አልለቀቀም። ሐሳቡ ወድቋል።

አጀንዳ

1. ለባዬ ታከለ አጥር የኮረንቲ መከርከሚያ ይሻላል ወይስ የቤንዚን
2. ልዩ ልዩ

ጸሐፊው አጀንዳው ሲነበብ ስለ ቁጥር 2 ማብራሪያ አልጠየቀም። በስድስት ዓመት ልምዱ ሰው ሲሻርም ሲታሰርም ያየው በልዩ ልዩ ነው። በዚህኛው ልዩ ልዩ ውስጥ ያለው ጸሐፊውን ከቤቱ አንሥቶ ቡሬ ያምሮት ዘንድ የማስቀመጥ ነገር መሆኑን፣ አልጋው ተገዝቶ እንደተነጠፈ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት ያምሮት ልትጠይቀው መጥታ ከወንድሞቿ ጋር በስልክ ስትንሾካሾክ ሰምቶ ያውቃል። ጆሮው ደህና ነው።

የስብሰባው መነሻ

ቀበሌው በኮብልስቶኑ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ አጥር ሁሉ ከመስቀል በፊት እንዲስተካከል በድምፅ ማጉያ አስነግሯል። ጸሐፊው ክረምት ያበዛውን ቅንጭብ ሊያስተካክል በነሐሴ መጨረሻ ማጭዱን ይዞ ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ ወጣ። ዱካው ከዳው።

ወ/ሮ ዓባይነሽ በምስክርነት ሲናገሩ፣ «ከቅዳሴ ስመለስ ጭቃው ላይ ተጋድመው አገኘኋቸው። ‹ምነው አያ ባዬ፣ ምን ሆኑ?› ብላቸው ‹ሰማይ እያየሁ ነው› አሉኝ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰማይ ያያሉ!» ብለዋል። ጸሐፊው ምስክርነቱ በመሠረቱ ልክ መሆኑን፣ ሆኖም ጊዜው ከሁለት ሰዓት ተኩል እንደማይበልጥ አርሞ መዝግቧል።

አጀንዳ 1

ሰብሳቢው በትውስት ያመጣውን የኮረንቲ መከርከሚያ ከነካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ቀላል ነው፣ አይጨስም፣ አይሸትም፣ ቁልፉን ሲጫኑት ይሠራል ሲለቁት ይቆማል ብሏል። ምስክር መብራት ሲጠፋስ ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው የመብራቱ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት እየተሻሻለ መምጣቱን በሰፊው በማብራራት ላይ ሳለ ሬዲዮኑ ዝም አለ። መብራት ጠፍቷል። ሰብሳቢው ማብራሪያውን አሳጥሯል።

ምስክር በበኩሉ ከቆጋ ችግኝ ጣቢያ ወዳጁ የተዋሰውን የቤንዚን መከርከሚያ አቀረበ። ጉልበት አለው፤ ገመድ አይጎትትም፤ ከሶኬቱ እስከ አጥሩ መጨረሻ ስልሳ ሁለት እርምጃ መሆኑን እኔ ራሴ ቆጥሬያለሁ አለ። ሰብሳቢው ማሽኑ የጥጃ ያህል እንደሚከብድ፣ ቤንዚኑ በዘይት ተለክቶ መቀላቀል እንዳለበት፣ መናኸሪያው ዳር በውኃ ኮዳ የሚሸጠው ቤንዚን ደግሞ ግማሹ ላምባ መሆኑን ተናግሯል። «ማስነሻውን አሥራ አምስት ጊዜ ስበህ ሲነሣልህ አጥሩ ራሱ ደርቆ ይወድቃል» ብሏል።

በዚህ መሐል ምስክር ሰብሳቢውን «አምፖል ቀያሪ»፣ ሰብሳቢውም ምስክርን «የባጃጅ ወጌሻ» ብለው ተጠራርተዋል። ሁለቱም ቃላት የሥራ ድርሻቸውን በትክክል የሚገልጹ ስለሆኑ በስድብነት አልተመዘገቡም።

ጸሐፊው ሦስተኛ አማራጭ አቅርቧል። ማጭድ።

ሰብሳቢው ማጭድ አጀንዳው ላይ የለም አለ። ጸሐፊው ማጭዱ ግድግዳው ላይ አለ አለ። አክሎም፣ «ይህ ጽድ አይደለም፣ ቅንጭብ ነው። ወተቱ ዓይን ያጨልማል። በማለዳ፣ ነፋሱን በጀርባ ይዞ፣ ዝቅ ተብሎ ወደ ውጭ ነው የሚቆረጥ። ማሽን እያሽከረከረ ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል» ሲል አስጠንቅቋል። ሰብሳቢው አስተያየቱ ኋላ ቀር አሠራርን የሚደግፍና የአመለካከት ችግር የሚታይበት ነው ብሎ አልፎታል። አመለካከት የምትለዋን ቃል ልጄ ከየት እንዳመጣት ይታወቃል። ሆቴሉ ውስጥ ስብሰባ ይበዛል።

ድምፅ ሲሰጥ ኮረንቲ 1፣ ቤንዚን 1፣ ማጭድ 1 ሆነ። ያምሮት «የትኛውም ይሁን፣ አባዬ ካልነኩት ግድ የለኝም» ብላ ድምፀ ተአቅቦ አድርጋለች። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱን ወንድማማቾች የሚያስታርቅ ሐሳብ ከምስክር ቀረበ።

ውሳኔ 1፦ የኮረንቲው መከርከሚያ እንዲገዛና መብራት ሲጠፋ ኮረንቲ የሚያመነጭለት የቤንዚን ጀኔሬተር አብሮ እንዲገዛ፣ በሁለት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ ተወስኗል። በዚህም ሁለቱም ወገን አሸንፏል። ጀኔሬተሩን ማን እንደሚሸከመው ወደፊት ይጠናል።

አጀንዳ 2፦ ልዩ ልዩ

ሰብሳቢው የአባታችንን አኗኗር በጥንካሬና በድክመት እንገምግም አለ። ጸሐፊው ስለ ራሱ ስለሚወራ ከስብሰባው እንዲወጣ ተጠይቆ ነበር። ሳሎኑ የራሱ ስለሆነ አልወጣም።

በጥንካሬ የታየ፦ ጾም አይሽርም፤ አይበደርም።
በድክመት የታየ፦ ስልክ ሲደወል አያነሣም፤ ካነሣም «አለሁ» ብሎ ይዘጋል፤ የዓርቡን ወጥ እስከ ሰኞ ይበላል፤ ይወጣል፤ ይወድቃል፤ መውደቁን አይናገርም።

ጸሐፊው ግለሂስ እንዲያደርግ ዕድል ተሰጠው። «ወድቄያለሁ፤ ተነሥቻለሁም» ብሏል። በቂ ግለሂስ አይደለም ተብሏል።

ያምሮት ስትናገር፣ «አባዬ፣ ክፍሉ ለእርስዎ ተዘጋጅቷል። መስኮቱ ወደ ገበያው ነው፤ ሰው ሲመጣ ሲሄድ እያዩ ይውላሉ» አለች። ጸሐፊው፣ «የሚሸጥ በግ ነኝ እንዴ፣ ገበያ ላይ ዓይኔን ተክዬ የምውል?» ብሎ መለሰ። ያምሮት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለተኛ ሲወድቁ እትዬ ዓባይነሽ ቅዳሴ ባይሄዱስ?» ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ የጸሐፊው እስክሪብቶ ስለደረቀ መልሱ አልተመዘገበም።

ውሳኔ 2፦ ባዬ ታከለ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ወደ ቡሬ እንዲዛወር፣ ቤቱም እንዲከራይ፣ በሦስት ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ተዛዋሪው የዝውውር ጥያቄ አላቀረበም።

የተግባር ሙከራ

መብራት ስለመጣ ጉባኤው ማሽኖቹን ለማየት ወደ አጥሩ ወጣ። ሰብሳቢው ሦስት የኤክስቴንሽን ገመድ ቀጣጥሎ ከምሥራቁ ጫፍ ቆመ። ምስክርም ማስነሻውን ሰባት ጊዜ ስቦ ከምዕራቡ ጫፍ ጀመረ። መሐል ላይ ቀድሞ የደረሰ ማሽኑ ይገዛለታል ተባባሉ። ይህ ውሳኔ 1ን ይጥሳል፤ ግን ያስታወሰ የለም። ካርቶኑ ውስጥ የዓይን መከላከያ መነጽር ነበረ። ሰብሳቢው «ይሄ ለፈረንጅ ነው» ብሎ እዚያው ትቶታል።

ከሁለቱ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ የጠየቀም የለም። ጸሐፊው ጠይቆ ያምሮትንና ወ/ሮ ዓባይነሽን ወደ ነፋሱ መምጫ ወሰዳቸው።

ሙከራው አራት ደቂቃ ያህል ፈጅቷል። በመጀመሪያ የጮኸው ሰብሳቢው ነው፤ ምስክር ከሱ ትንሽ ቆይቶ ጮኋል። ሁለቱም ፊታቸው በቅንጭብ ወተት ነጥቶ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱ ወደ መንገዱ አንዱ ከቤቱ በታች ወዳለው ገደል ሲሄዱ ጸሐፊው በየእጃቸው ይዞ ወደ ውኃው በርሜል አምጥቷቸዋል። ሲያሳድጋቸው እንዳደረገው ራሳቸውን ወደኋላ አጋድሞ ውኃ አፈሰሰላቸው። ሰብሳቢው «አባዬ፣ ታወርኩ!» ብሏል። ጸሐፊው «አፍህን ዝጋ፣ ይገባል» ብሏል።

ያምሮት፣ «አባዬ፣ ምነው በግራ እጅዎ ያፈሳሉ?» ብላ ጠየቀች። «ቀኙ ጸሐፊ ነው፤ አይረጥብም» ብሎ መለሰላት። ቀኝ ክንዱን አየችው። ከዚያ ነርስ ልታመጣ በባጃጅ ሄደች። ወ/ሮ ዓባይነሽም ያዩትን ለሰፈሩ ሊያሳውቁ ወጥተዋል።

አስቸኳይ ስብሰባ

ከአራቱ አባላት ሦስቱ ቤት ውስጥ ስለነበሩ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል። ሰብሳቢው ዓይኑ በጨርቅ ስለታሰረና ወንበሩ የት እንዳለ ማወቅ ስላልቻለ ጸሐፊው ሰብሳቢነቱን ደርቦ ይዟል።

የቀረበው ጥያቄ፣ ማየት የማይችል ሰው ብቻውን መኖር ይችላል ወይ የሚል ነው። ቡሬ የተነጠፈ አልጋ መኖሩ፣ መስኮቱም ወደ ገበያው መሆኑ ለአባላቱ ተገልጾላቸዋል። ፍላጎት ያሳየ የለም። ምስክር በበኩሉ ሽንት ቤት መሄድ እንዳለበት፣ ጓሮው ጭቃ መሆኑንም ገልጾ፣ «አባዬ፣ እጄን እንዳይለቁኝ» የሚል ጥያቄ አቀረበ። ጥያቄው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ስብሰባውም ለዚሁ ጉዳይ ለጊዜው ተቋርጧል።

አባላቱ ከጓሮ ሲመለሱ፣ በዚህ ሁኔታ የሚያበላቸው፣ የሚያጥባቸውና የሚመራቸው ማን እንደሆነ ተጠየቁ። ሰብሳቢው ጥቂት አስቦ «እርስዎ ነዎት» አለ። ሌላ ሐሳብ አልቀረበም።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ውሳኔ 1 ተሽሯል። ውሳኔ 2 ተሽሯል። ኮረንቲም፣ ቤንዚንም፣ ጀኔሬተርም አይገዙም። ቤቱ አይከራይም። ባዬ ታከለ ከቤቱ አይነሣም። በጥንካሬና በድክመት የተባለው ሁሉ እንዳልተባለ፣ ይህም ስብሰባ እንዳልተጠራ ይቆጠራል።

ዲፕሎማ ያላቸው ሁለቱ አባላት ማንበብና መፈረም ስላልቻሉ ጸሐፊው አንብቦላቸው በአውራ ጣታቸው ፈርመዋል። ያነበበላቸው የተጻፈውን መሆኑን ጸሐፊው ራሱ አረጋግጧል።

ስብሰባው ከቀኑ 9፡50 ተዘግቷል።

ማሳሰቢያ፦ ያምሮት ነርሱን ይዛ 10፡15 ላይ ተመለሰች። ነርሱ ዓይናቸው እንደማይጠፋ፣ ሦስት ቀን ግን ተሸፍኖ እንዲቆይ ተናግሯል። ጸሐፊው ነርሱን ሊሸኝ ወጥቶ ሲመለስ ከመጨረሻው ውሳኔ ሥር በሌላ እጅ የተጻፈ አገኘ። እንዲህ ይላል፦

«የአባዬ ቀኝ ክንድ ከትከሻ በላይ አይነሣም። ከወደቁ ጀምሮ ነው፤ ለማንም አልተናገሩም። ከቤታቸው አይነሡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡሬ እመጣና አጥሩን በማጭድ እኔ እቆርጣለሁ። እሳቸው ነፋሱን ይንገሩኝ። ያምሮት ባዬ።»

ይህ ስብሰባው ከተዘጋ በኋላ፣ ያለ ምልዓተ ጉባኤ፣ ያለ ድምፅ የተጻፈ ነው። በደንቡ መሠረት መሰረዝ ነበረበት።

አልሰረዝኩትም።