ሙሴ ቦንዡር

በስልክ ቪዲዮ ቋንቋ ከሚማር ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንደመኖር ያለ ፈተና የለም። ከበሮ የሚለማመድ ጎረቤት እንኳ ሲደክመው ያቆማል፤ ይኼኛው ግን የሚያደክመው አድማጩን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየቤቱ አንድ አይጠፋም። ለእኛ የደረሰን የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ቀለም ቀቢው፣ ወንደላጤው፣ የጓሮ ክፍላችን ነዋሪ፣ ክቡር ሙሴ ቦንዡር።

ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ልጃችን ውጭ አገር ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ባል ማግባቷን የሰማ ሰሞን "ሰዎቹ ሲመጡ በጥቅሻ ልናወራ ነው?" ብሎ ትምህርቱን ጀመረ። አንዲት ፈገግታዋ የማያልቅ ልጅ ስልኩ ላይ ብቅ ትልና አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ እልም ትላለች። እሷ ትሂድ እንጂ ዓረፍተ ነገሩ እኛ ቤት ይቀራል። ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱን በር ሳንኳኳ ከውስጥ "ባቡር ጣቢያው የት ነው?" ይለኛል በፈረንሳይኛ። ቁርስ ላይ እህቱ ዳቦ ስታቀርብለት "ሂሳብ ያምጡልኝ" ይላታል። ከጉሮሮ የምትወጣዋን "ር" ሲለማመድ ደግሞ ጎረቤታችን ነርሷ በአጥር ብቅ ብላ "ሳሉ አልለቀቀውም እንዴ?" እያለች የጉሮሮ ከረሜላ ሰጠችኝ።

"ጋሼ፣ ይኼ ነገር ሰዋስው የለውም?" አልኩት አንድ ቀን።

"ሰዋስው ለፈተና ነው። እኔ የምፈልገው የዕለት ተዕለቱን ነው" አለኝ ብሩሹን እያጠበ።

የዕለት ተዕለቱ ማለት ቡና ማዘዝ፣ አየሩን ማመስገንና ጃንጥላ ለጠፋበት ሰው ማዘን ነው። የተጠየቁትን መረዳት ገና አልተደረሰበትም። እስከዚያው ለሁሉም ነገር "ዊ" ይላል፤ አዎ ማለት ነው።

ልጄና ባሏ ሊጠይቁን ሲመጡ የባልየውን እናት ይዘው መጡ። ዝምተኛ፣ ጥንቁቅ ሴትዮ ናቸው። ልጄ እያስተረጎመች ደህና ሰነበትን። አንድ ከሰዓት ግን ወጣቶቹ ለጉዳይ ወጡና ሳሎን ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴና እንግዳዋ በየተራ ፈገግ እያልን ቀረን። ጉንጬ ሊቀደድ ደረሰ። ሴትዮዋም አንገታቸውን ደፍተው የሹራባቸውን ቁልፍ መነካካት ጀመሩ።

ያን ጊዜ ሙሴ ቦንዡር ከሥራ ገባ፤ ክንዱ ላይ ነጭ ቀለም ደርቋል። አጠገባቸው ተቀምጦ አየሩ ግሩም መሆኑን ነገራቸው። ውጭ ዶፍ ይወርዳል። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሴትዮዋ መስኮቱን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ቃሉን አረሙት፤ ደገመው፤ እንደገና አረሙት። ሲመሽ ሳያውቁት ወንበራቸው ተጠጋግቷል። ክንዱ ላይ ወዳለው ቀለም እያመለከቱ አንድ ረጅም ጥያቄ ጠየቁት።

"ዊ" አለ።

ያላመኑ ይመስል ደግመው ጠየቁት።

"ዊ፣ ዊ" አለ በሙሉ ልቡ።

ጉዱ የተሰማው እራት ላይ ነው። "ጋሼ፣ መጥተህ ቤታቸውን ልትቀባ ቃል ገብተሃል እኮ" አለችው ልጄ ሳቋን እያፈነች። "ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግድግዳውን የነካው ሰው የለም። የምታርፍበትን ክፍል ሳይቀር መርጠዋል።"

"‘አልገባኝም ነበር’ ይበላቸውና ይገላገል" አልኩ ለባለቤቴ በሹክሹክታ። እሱ ግን ሴትዮዋን አያቸው። ሹካቸውን አስቀምጠው መልሱን ይጠብቃሉ።

"አዎ ብያለሁ እንግዲህ" አለ። "ምን ዓይነት ቀለም እንደሚወዱ ጠይቂልኝ።"

ቪዛው ሲወጣ ብሩሾቹን በፎጣ ጠቅልሎ ሄደ። ቤታችን ሰላም ሆነ። እንዲህ ያለ ሰላም ለጠላቴም አልመኝም። ባለቤቴና እኔ ተያይተን ስንጨርስ ተነስተን የሌለ ሥራ እንፈልጋለን።

ባለፈው እሁድ ደወለ። ግድግዳው አልቋል፤ አሁን ጣሪያው ላይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሴትዮዋ አጥሩንም አስበዋል።

"ለመሆኑ መቼ ነው የምትመጣው?" አልኩት፣ የቸገረኝ እንዳይመስልብኝ እየተጠነቀቅኩ።

"ቢየንቶ" ብሎ ዘጋው።

ባለቤቴ እስክትወጣ ጠብቄ ትርጉሙን በቪዲዮ ፈለግኩት። "በቅርቡ" ማለት ነው። ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የሚናገር ቪዲዮ ግን እስካሁን አላገኘሁም፤ እየፈለግኩ ነው።