ሸክላው ላይ ያለችው እግር

ታዋቂ የሙዚቃ ሸክላ የተቀረጸበት ከተማ ሁሉ "እኔም ነበርኩ" ባይ አያጣም። እዚህ ሄለና፣ አርካንሳስ፣ ከአርባ ዓመት በፊት ዘፋኙ ሮስኮ ቲልማን "የቅዳሜ ጫማ" የተባለውን ዘፈኑን ሲቀርጽ ክፍሉ ውስጥ ነበርን የሚሉ ሃያ ሦስት ሰዎች ቆጥሬአለሁ። ክፍሉ የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ጓዳ ነው። ፒያኖ ከገባበት በኋላ ስድስት ሰው ቢይዝ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ክቡር ክሊዮታ ባርንስ ናቸው። ሌላው ጊታር መታሁ፣ ሳክስፎን ነፋሁ ሲል፣ እሳቸው የሚሉት እግር ብቻ ነው። ዘፈኑ መሃል ላይ ሙዚቃው ቀጥ ይልና አንድ እግር ሳጥን ሲረግጥ ይሰማል፦ ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከዚያ ሁሉም እንደገና ይፈነዳል። በዚያ ዘመን አገሩ ሁሉ ያበደው ለዚያች እግር ነው።

"ዝም በሉ! መጣች!" ይላሉ ክቡርነታቸው። "ያቺ እግር የኔ ናት!"

በዲያቆን ፕሩይት ቀብር ላይ እንኳ፣ ከሚያልፍ መኪና ዘፈኑ ሲሰማ፣ ያቀረቀሩትን ራስ ቀና አድርገው ቀኝ እግራቸውን በጣት አሳዩን። ጉልበታቸውን ሊያይ ለመጣ ሐኪም "ቀስ በል ዶክተር፣ የያዝከው ታሪክ ነው" ብለውታል።

ፀጉር አስተካካያችን ቱርማን አይለቃቸውም። "አንተ ሰውዬ፣ ያን ቀን ጥጥ ስትለቅም በዓይኔ አይቼሃለሁ!"

"ያየኸው ግራ እግሬን ነው።"

እኔም ሃያ ዓመት ተከራክሬአቸዋለሁ። እዚሁ የጋዜጣ አምዴ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በጨዋ ቋንቋ፣ ውሸታም ብያቸዋለሁ።

ዘንድሮ ከመደብሩ ደጃፍ የመታሰቢያ ድንጋይ እንዲቆም ተወሰነ። የሚጻፉበት ስሞች የተወሰዱት ከቀረጻው ቀን ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሚጻፈው መሣሪያ ይዞ የገባ ብቻ ነበር፤ አምስት ሰው። ከአምስቱ በሕይወት የቀሩት ፒያኖ ተጫዋቿ ሚስ ቨርዴል ራፊን ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ከሴንት ሉዊስ መጡልን።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ፓስተሩ ጠየቁ። "ነገ ጠራቢው ሥራ ይጀምራል። ስሙ የቀረ ሰው አለ?"

ምእመኑ በሙሉ ወደ ክሊዮታ ዞረ። እዚያው ፊት ለፊት ሚስ ቨርዴል ተቀምጠዋል፤ አፋቸውን ከከፈቱ ሰውየው ጉድ ሊሆኑ ነው።

ክቡርነታቸው ባርኔጣቸውን ይዘው ተነሡ።

"ያቺ እግር የኔ አይደለችም" አሉ። "እኔ ያን ቀን ጥጥ ለቀማ ላይ ነበርኩ። እግሯ የወንድሜ የኢዜል ናት። ከበሮው ዝናብ መትቶት ቆዳው ላልቶ ስለነበር የለስላሳ ሳጥን ረገጠ። ባዶ እጁን ስለገባ አልጻፉትም። በዓመቱ ኮሪያ ዘመተ፣ እዚያው ቀረ። ፓስተር፣ እባክዎ ስሙን ያስጽፉልኝ።"

ሚስ ቨርዴል በመሐረባቸው አፋቸውን ይዘዋል።

"ኢዜል!" አሉ። "ሳቁ ትዝ ይለኛል። ስሙ ግን ጠፍቶብኝ ነበር፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።"

ፓስተሩ እዚያው ቆመው ጻፉት፦ ኢዜል ባርንስ፣ እግር።

ደጅ ላይ ተከትያቸው ወጣሁ። "ታዲያ ወንድም ክሊዮታ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን የኔ ናት አሉ?"

ባርኔጣቸውን አጠለቁ። "መጀመሪያማ የኢዜል ናት ነበር የምለው። ሁሉም 'ነፍሱን ይማር' ይልና ወሬ ይቀይራል። የኔ ናት ያልኩ ዕለት ፀጉር ቤቱ በሙሉ ተነሥቶ ጮኸብኝ። ሊያዋርዱኝ ብለው ሸክላውን እንደገና አጫውተው እግሯን አዳመጧት። አንተማ፣ ይባርክህና፣ ጋዜጣ ላይ ሁለት ጊዜ አወጣህልኝ።"

እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልጻፍኳትም ነበር።